ለሃምሳ ሰው ጌጡ፦ ትልቁ ድርጅት ከትናንሽ አጋዦቹ ምን ያተርፋል?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ብሂል የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ ደቦ፣ ስለ ዕድር ወይም ስለ መዋጮ ስንነጋገር ነው። እኔ ዛሬ ለንግድ ላውለው እፈልጋለሁ። ሎሚው የአንድ ሰው ንብረት ነው እንበል። ባለሎሚው ለሃምሳ ሰው «ያዙልኝ፣ እናንተም ተጠቀሙበት» ብሎ ቢያድል ምን ያጣል? ምንስ ያተርፋል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የዲጂታል ገበያችን ገና በሩን እየከፈተ ባለበት በዚህ ወቅት መልሱ የብዙ ወጣቶችን እንጀራ የሚነካ ነው።

አስቀድሜ ስያሜውን ላጥራ። «ሦስተኛ ወገን» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን የመኪና መድን ነው። እዚህ ላይ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አንድ ድርጅት ዋናውን ምርት ያወጣል፤ ከድርጅቱ ጋር የባለቤትነትም ሆነ የቅጥር ግንኙነት የሌላቸው ሰዎች ደግሞ ለዚያ ምርት ማሟያ የሚሆን ነገር እያዘጋጁ በራሳቸው ስም ይሸጣሉ። ተማሪዎቻችን ከመማሪያ መጽሐፉ ጎን የሚይዙትን የግል ኅትመት «አጋዥ መጽሐፍ» ይሉታል። እኔም ቃሉን ከእነሱ ተውሼ እነዚህን ሰዎች «አጋዦች» እላቸዋለሁ።

የምከራከርበት ነጥብ አንድ ነው። አጋዦች ለዋናው ባለቤት ተቀናቃኝ ከመሆን ይልቅ ያልከፈለበት ጉልበት ናቸው። ይህ ጥቅም የሚዘልቀው ግን ባለቤቱ በሩን በተጻፈና ነገ ተነስቶ ሊነጥቀው በማይችል ቃል ሲከፍት ብቻ ነው።

የሸዋ ሮቢት ጽሕፈት ቤቶች

ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት የጣርማ በርን ብርድና የደብረ ሲናን ቁልቁለት ጨርሶ ወደ ይፋት ቆላ የወረደ መንገደኛ አረፍ የሚልባት ከተማ ናት። መንገደኛ የሚያውቃት በሙቀቷና በፍራፍሬዋ፣ ነጋዴ ደግሞ በሽንኩርቷና በማሾዋ ነው። እኔ በዚያ መስመር በተመላለስኩባቸው ጊዜያት ትኩረቴን የሚስበው ሌላ ነገር ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አካባቢ «ኮምፒዩተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ» የሚል ታፔላ የለጠፉ ጠባብ ክፍሎች አሉ። እንዲህ ያሉ ክፍሎች በአጣዬም፣ በደብረ ሲናም፣ በየትኛውም የወረዳ ከተማችን አይጠፉም። ገበሬው የመሬት ክርክር ማመልከቻውን፣ ባለሱቁ የኪራይ ውሉን፣ ዕድሩ ቃለ ጉባኤውን የሚያስጽፈው እዚያ ነው።

በእነዚህ ክፍሎች ያለው ኮምፒዩተር በአብዛኛው የሚሠራው በዊንዶውስ ነው፤ ማመልከቻው የሚተየበው ደግሞ በወርድ ነው። ሁለቱም የማይክሮሶፍት ምርቶች ናቸው። አማርኛውን ግን ለረጅም ጊዜ ያስገባው ማይክሮሶፍት አልነበረም። እንደሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ፊደላችንን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ብዙ ደክመዋል። ከዚያም እዚሁ አገር ቤት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ሶፍትዌሮች ወጥተው በየቢሮው ተሰራጩ። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዊንዶውስ ራሱ «ኒያላ» የተባለውን የፊደል ቅርጽና የአማርኛ መጻፊያ ይዞ ለሕዝብ የቀረበው በቪስታ ስሪቱ እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ነው።

እንግዲህ እናስላው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ለመግዛት ሲወስን ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ «አማርኛ ይጽፋል ወይ?» የሚል ነበር። አማርኛ የማይጽፍ ኮምፒዩተር ለወረዳው ከማስታወቂያ ሰሌዳ ብዙም አይሻልም። «አዎን፣ ይጽፋል» የሚለውን መልስ ለማይክሮሶፍት የሰጡለት አጋዦቹ ናቸው። ለቁልፍ ሰሌዳ አቀማመጡ፣ ለፊደል ቅርጹና ለማስተማሩ ኩባንያው ቀጥሮ የከፈለው ሰው አልነበረም።

ማይክሮሶፍት ራሱ ቀደም ብሎ ያልሠራው ለምንድን ነው? መልሱ የሂሳብ ይመስለኛል። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ገበያ ለአንድ ዓለም አቀፍ ኩባንያ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ቦሌ መንገድ ወይም ፒያሳ ላይ ቢሮ ለተከራየ አነስተኛ ድርጅት ግን ያው ገበያ የሚያኖር እንጀራ ነበር። ለትልቁ ኪሳራ የሆነው ለትንሹ ትርፍ ይሆናል። አጋዦች ለዋናው ባለቤት የሚሰጡት የመጀመሪያው ጥቅም ይኸው ነው፤ እሱ ሊደርስበት የማያዋጣውን ጥግ ይደርሱለታል።

ሁለተኛው ጥቅም የሰው ነው። በየጽሕፈት ቤቱ አማርኛ መተየብ የለመደ ወጣት ሳያስበው ወርድንም ዊንዶውስንም ለመደ። ይህ ወጣት ቢሮ ሲቀጠር ሌላ ሲስተም ቢሰጡት ያስቸግረዋል። ሦስተኛው የገበያ ጥናት ነው። አጋዡ በራሱ ገንዘብ ይሞክራል፤ ቢከስር የሚከስረው እሱ ነው፤ ቢሳካለት ግን ባለቤቱ «ለካ እዚህ ፈላጊ አለ» ብሎ ይማራል።

በጨዋታ የታየው ትምህርት

ይህ አስተሳሰብ ጥርት ብሎ የተፈተነው ብዙዎቻችን በማናውቀው መስክ ነው፤ በጨዋታ መጻሕፍት ኅትመት። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ዱንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባል ጨዋታ አሳተሙ። ጨዋታው ተረት መፍጠር ነው ማለት ይቻላል። አራት አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ የተረቱን ሰዎች ሆነው ይጫወታሉ፤ ዕድላቸውን ዳይስ ይወስናል። ሕጉ ያለው በመጽሐፍ ነው። በመሆኑም የኩባንያው ገቢ የሚመጣው ከመጻሕፍት ሽያጭ ነው።

የመጀመሪያው ባለቤት ቲኤስአር የተባለው ድርጅት ሎሚውን ሁሉ ብቻውን ሊሸከም ሞከረ። የሕግ መጽሐፉንም፣ ተረቶቹንም፣ ልብ ወለዱንም እሱው ያትማል፤ ደጋፊዎች ለጨዋታው የራሳቸውን ጽሑፍ ሲያሰራጩም በጠበቃ ያስጠነቅቅ ነበር። ብዙ ዓይነት መጻሕፍቱ እርስ በርሳቸው ገዢ ተሻሙ። ድርጅቱ በዕዳ ተይዞ እ.ኤ.አ. በ1997 ለዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ተሸጠ። ይህንን ኩባንያ ደግሞ በ1999 ሃዝብሮ ገዛው።

አዲሱ ባለቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ሦስተኛውን እትም ሲያወጣ ተቃራኒውን አደረገ። ራያን ዳንሲ በተባለ ኃላፊ ግፊት የጨዋታው መሠረታዊ ሕግ በክፍት ፈቃድ ተለቀቀ። ማንም ሰው ክፍያ ሳይጠየቅ በዚያ ሕግ ላይ ተመሥርቶ መጽሐፍ ጽፎ መሸጥ ቻለ። ሞኝነት ይመስላል አይደል? ስሌቱ ግን እንዲህ ነው። የሕግ መጽሐፉን በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠ ሁሉ ይፈልገዋል፤ የተረቱን መጽሐፍ ግን የሚገዛው ተራኪው ብቻ ነው። ስለዚህ ትልቁ ሽያጭ ያለው ከሕግ መጽሐፉ ላይ ነው። ብዙ ልፋት የሚጠይቀውና ትንሽ የሚሸጠው ተረት ግን ከሌለ ጨዋታው ይሰለቻል። እንግዲያውስ ተረቱን ሌሎች ይጻፉት፤ ተረቱን የገዛ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሕግ መጽሐፉን ይፈልጋልና። በሸዋ ሮቢቱ ጽሕፈት ቤትም የሆነው ይኸው ነበር፤ ፓወር ግዕዝን የፈለገ መጀመሪያ ዊንዶውስ ያስፈልገዋል።

በሩ ሲዘጋ የሚመጣ ተቀናቃኝ

አንባቢ «አጋዡ አድጎ ባለቤቱን ቢውጠውስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለዚያውም ምሳሌ አለው። ፓይዞ የተባለው ድርጅት እስከ 2007 ድረስ የጨዋታውን መጽሔቶች ለዊዛርድስ በውል ያሳትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 አራተኛው እትም ሲወጣ ዊዛርድስ የቀድሞውን ክፍት ፈቃድ ትቶ እጅግ ጠባብ የሆነ ሌላ ፈቃድ አመጣ። አጋዦቹ ግራ ተጋቡ። ፓይዞ በአሮጌው ፈቃድ የተለቀቀውን ሕግ መሠረት አድርጎ በ2009 «ፓዝፋይንደር» የተባለ የራሱን ጨዋታ አሳተመ፤ ዋነኛ ተቀናቃኝም ሆነ።

ይህንን ታሪክ «አየህ፣ በር መክፈት ጦስ ያመጣል» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። እኔ እንደዚያ አላነበውም። በሩ ክፍት በነበረባቸው ዓመታት ፓይዞ የዋናው ቤት ሠራተኛ ያህል ነበር። ተቀናቃኝ የሆነው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ዊዛርድስ ራሱ የተረዳው ይህንኑ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ለወጣው አምስተኛ እትም በ2016 ክፍቱን ፈቃድ መልሶ አመጣ።

እዚህ ላይ ግን ሌላውን ወገንም ማየት ይገባል። አጋዥነት ሁልጊዜ የተደላደለ ኑሮ አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ገበያው በአጋዥ መጻሕፍት ተጥለቀለቀ፤ ከመካከላቸው ጥራት የሌላቸው ብዙ ነበሩ። በ2003 ዋናው ሕግ ተሻሽሎ ሲወጣ ደግሞ በአሮጌው ሕግ የታተሙ መጻሕፍት በየመደርደሪያው ላይ ቀሩ። ዋናው ቤት አቅጣጫ ሲቀይር መጀመሪያ የሚጎዳው አጋዡ ነው።

ሁሉንም የሚያስተምረው የ2023ቱ ክስተት ነው። በዚያ ዓመት ጥር ወር ዊዛርድስ የቀድሞውን ፈቃድ ሽሮ፣ በዓመት ከ750 ሺሕ ዶላር በላይ ሽያጭ ያላቸውን አጋዦች ከዚያ በላይ ባለው ገቢ ላይ እስከ 25 በመቶ ሊያስከፍል ማሰቡን የሚያሳይ ረቂቅ አፈትልኮ ወጣ። አጋዦች ብቻ ሳይሆኑ ተራ ተጫዋቾችም ተቆጡ። ብዙዎች የኩባንያውን የኢንተርኔት አገልግሎት ደንበኝነት ሰረዙ። ፓይዞ ከሌሎች ጋር ሆኖ ማንም ብቻውን ሊሽረው የማይችል አዲስ ፈቃድ እንደሚያዘጋጅ አስታወቀ። ዊዛርድስ በዚያው ወር መጨረሻ ሐሳቡን ትቶ መሠረታዊ ሕጉን «ክሪኤቲቭ ኮመንስ» በተባለው የማይሻር ፈቃድ ለቀቀው። ልብ እንበል፤ ኩባንያው እስከዚያ ቀን ድረስ በክፍት ፈቃዱ ከሚሠሩት አጋዦች አንድም ሳንቲም አልወሰደም ነበር። ሆኖም ግን የወሰደው ነገር ነበር፤ እምነታቸውን። ያንን በሃያ ሦስት ዓመት የተከማቸ እምነት በአንድ ረቂቅ ሊያጣው ተቃርቦ ነበር።

የእኛ አጋዦች ያጡት

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ለዊንዶውስ ያን ሁሉ ሲያግዙ አማርኛውን በምን መለያ እንደሚያስቀምጡ ሁሉንም የሚያስማማ የተጻፈ ሥርዓት በጊዜው በእጃቸው አልነበረም። ሁሉም እንደመሰለው ሠራ። ውጤቱን ቢሮ የሠራ ሁሉ ያስታውሰዋል። በአንዱ ሶፍትዌር ከአንድ ወረዳ የተጻፈ ሪፖርት ዞን ደርሶ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። በኋላ የወጡት ስሪቶች ዩኒኮድን ቢቀበሉም በአሮጌው መንገድ የተጻፉ ሰነዶች ዛሬም በየመዝገብ ቤቱ አሉ።

ከዚህ በተጨማሪ አጋዦቹ ራሳቸው ያለክፍያ ተገልብጠዋል። በየጽሕፈት ቤቱ ያለው ዊንዶውስ ተገልብጦ እንደሚጫነው ሁሉ የአማርኛውም ሶፍትዌር እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ማይክሮሶፍት ኢትዮጵያ ውስጥ ቢገለበጥ በሌላ አገር ይሸጣል፤ ተገልብጦም ቢሆን ልማዱ ይተከልለታል። የአገር ቤቱ ድርጅት ግን ከዚህ ሌላ ገበያ የለውም። ከዚያ ዊንዶውስ አማርኛን በራሱ ሲያስገባ የአጋዡ መሸጫ ምክንያት ግማሹ ሄደ። ማንም ሕግ አልጣሰም፤ ማይክሮሶፍትም ማድረግ ያለበትን አደረገ። ነገር ግን ጥርጊያውን የጠረገው ሰው መንገዱ ሲያልፍበት እጁ ላይ የያዘው ውል አልነበረም።

ተመሳሳይ ነገር ያለክፍያ በፈቃደኝነትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ጉግል አማርኛን በትርጉም አገልግሎቱ ውስጥ ሲያካትት ቃላትንና ሐረጎችን በመተርጎምና በማረም ያገዙ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ተጠቃሚው ሁላችንም ነን፤ ከሁሉም በላይ የተጠቀመው ግን ዋናው ቤት ነው።

ዛሬ ዋናው ቤት ማን ነው?

ይህንን ሁሉ የማነሳው ዛሬ ዋናው ቤት እዚሁ አገር ውስጥ ስላለ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የተመዘገቡ ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደግሞ ኤምፔሳን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ። በይፋት ቆላ ካሉት ከተሞች ውስጥ ገንዘብ የሚቀበሉትና የሚከፍሉት ወኪሎች የኩባንያው ቅጥር ሠራተኞች አይደሉም። ባለሱቆች ናቸው። ኩባንያው በየከተማው ቅርንጫፍ ከፍቶ፣ ኪራይና ደመወዝ ከፍሎ ሊደርስበት የማያዋጣውን ጥግ እነሱ ደረሱለት። ይህ ያው የሎሚው ሂሳብ ነው።

ኬንያውያን ይህንን በሁለት ደረጃ አሳይተዋል። ኤምፔሳ በመጋቢት 2007 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በየመንደሩ ያደረሱት ባለሱቆች ነበሩ። በ2017 ደግሞ ሳፋሪኮም «ዳራጃ» የተባለውን ሥርዓት ዘርግቶ የውጭ ሶፍትዌር ሠሪዎች ሥራቸውን ከኤምፔሳ ጋር ራሳቸው እንዲያገናኙ አደረገ። ዳራጃ በስዋሂሊ ድልድይ ማለት ነው። በድልድዩ ያለፈ ክፍያ ሁሉ ኤምፔሳን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል።

እኛ ዘንድም ቴሌብር በሱፐርአፑ ውስጥ የሌሎች ድርጅቶችን አነስተኛ መተግበሪያዎች ማስተናገድ ጀምሯል። ይበል የሚያሰኝ ነው። ለምሳሌ አንድ የሸዋ ሮቢት ወጣት የሽንኩርትና የማሾ ዋጋን የሚያሳውቅ፣ ገበሬውን ከአዲስ አበባ ነጋዴ ጋር አገናኝቶ ቀብዱን በቴሌብር የሚያስከፍል መተግበሪያ ልሥራ ቢል ማን ይጠቀማል? ወጣቱም ገበሬውም ይጠቀማሉ። ሆኖም በእያንዳንዱ ኩንታል ሽንኩርት ላይ በቴሌብር የሚያልፈው ገንዘብ ዋናውን ቤት ይጠቅማል። ኩባንያው በራሱ ሠራተኞች ስለ ይፋት ሽንኩርት መተግበሪያ ሲሠራ ይውላል ብሎ የሚጠብቅ የለም።

ታዲያ ይህ ወጣት ከመጀመሩ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ምንድን ነው? እኔ ብሆን አራት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የምሠራበት ደንብ በግልጽ ተጽፎ ማንም እንዲያነበው ወጥቷል ወይ? ሁለተኛ፣ ደንቡ ቢለወጥ ስንት ወር ቀድሞ ይነገረኛል፤ ለውጡስ ወደኋላ ሄዶ የሠራሁትን ይነካል ወይ? ሦስተኛ፣ ገቢዬ ገና ትንሽ ሳለ ክፍያ አለብኝ ወይ? አራተኛ፣ ሐሳቤ ቢሳካና ዋናው ቤት ራሱ ተመሳሳዩን ቢሠራ ደንበኞቼንና መረጃዬን ይዤ መውጣት እችላለሁ ወይ?

አምስተኛም አለ፤ እሱ ግን ከኩባንያው አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በብዙ ከተሞች ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል። በ*127# የሚሠራው አገልግሎት ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የስልክ መስመር ባለበት ጊዜ ባለሱቁ ወኪል ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ መተግበሪያ የሠራው ወጣት ግን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ይፋት በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአጣዬም በሸዋ ሮቢትም ከደረሰው ጥፋት ገና አላገገመችም። እንዲህ ባለ አካባቢ ያለውን ሁሉ አውጥቶ በሌላ ሰው መሠረት ላይ ቤት የሚሠራ ወጣት ከአዲስ አበባው የበለጠ ዋስትና ያስፈልገዋል እንጂ ያነሰ አይደለም።

ምን ይደረግ?

በእኔ አስተያየት ኩባንያዎቹ «ወጣቶች ኑና ሥሩ» የሚል ጥሪ ከማስተላለፋቸው በፊት ውሉን በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ጽፈው ያውጡ። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንና ብሔራዊ ባንክም ቁጥጥራቸው በታሪፍና በፈቃድ ላይ ብቻ ሳይወሰን በዋናው ቤትና በአጋዦቹ መካከል ያለውን ውል ቢያዩት መልካም ነው። የሕግ፣ የሂሳብና የሶፍትዌር ባለሙያ የሆናችሁ አንባብያንም ድርሻ አላችሁ። አንድ ወጣት ውል ይዞ ሲመጣ «ፈርም፣ ዕድል ነው» ከማለት ይልቅ ስለ ማቋረጫው የሚናገረውን አንቀጽ አብራችሁት አንብቡ።

ለኩባንያዎቹ ኃላፊዎች ደግሞ የምለው ስለ ደግነት አይደለም፤ ስለ ትርፍ ነው። ማይክሮሶፍት ምንም ሳይፈርም የእኛን አጋዦች ጉልበት ሊያገኝ የቻለው ሌላ አማራጭ ስላልነበራቸው ነው። ዛሬ የሞባይል ገንዘብ አቅራቢው ከአንድ በላይ ነው፤ ባንኮችም በዚሁ ገበያ ውስጥ ናቸው። አጋዥ ወዴት እንደሚሄድ ይመርጣል። የሚመርጠውም ሎሚውን ሰጥቶ በማግሥቱ «መልስ» የማይለውን ይሆናል።

ቸር እንሰንብት።